መጀመሪያ ክራሩ ይቃኝ

አንድ ልጅ ክራር ጀምሮ ሲተው ወላጅ «ሰነፈ» ይላል፤ መምህሩ ደግሞ «ተሰጥኦ የለውም» ይላል። እኔ አምቦ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን ክራርና ማሲንቆ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ በሁለቱም አልስማማም። ተስፋ ቆርጠው ካየኋቸው ልጆች ብዙዎቹ የተሸነፉት በያዙት መሣሪያ ነው። ልጁ ትክክለኛውን ክር ይመታል፤ ክራሩ ግን ከቅኝት ወጥቷልና የሚሰማው ሌላ ድምፅ ነው። አዋቂ ቢሆን ክራሩን ይጠረጥር ነበር። የዘጠኝ ዓመት ልጅ የሚጠረጥረው ራሱን ነው።

በእኛ አገር ይህ ችግር መስከረም ላይ ይብሳል። የክራር ገበቴ የሚለበጠው በቆዳ ነው፤ ቆዳ ደግሞ እርጥበት ሲያገኘው ይረግባል። ቆዳው ሲረግብ ብርኩማው ይሰምጣል፣ ክሮቹም ተከትለው ይላላሉ። ክረምቱን ሙሉ ቁም ሣጥን ውስጥ የከረሙትን ክራሮች ሳወጣቸው ሻጋታ ሻጋታ ይሸታሉ። ግቢ ውስጥ ቆዳቸውን ወደ ላይ አድርጌ የጠዋት ፀሐይ አስመታቸዋለሁ፤ የቀትሩ ፀሐይ ግን ስለሚሰነጥቀው ቶሎ አነሳቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ ነው መቃኘት የሚቻለው።

ክሩ ቀንበሩ ላይ በጨርቅ ጥምጥም ይያዛል። ጥምጥሙን ወደ አንድ ወገን ሲያዞሩት ክሩ ይወጠራል፣ ወደ ሌላው ሲያዞሩት ይላላል። ለትንሽ ልጅ ጣት ይህ ከባድ ሥራ ነው። ስለዚህ ልጆቹ ከመግባታቸው በፊት ሁሉንም ክራር እኔው ቃኝቼ እጠብቃቸዋለሁ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ከሚባሉት አራቱ ዋና ዋና ቅኝቶች ለጀማሪ የምመርጠው ትዝታ ሜጀርን ነው። በአምስቱ ድምፆቹ መካከል የግማሽ ድምፅ ርቀት የለም፤ ልጁ ያገኘውን ክር ቢነካም ጆሮ የሚጎረብጥ ነገር አይወጣም። ባቲ ሜጀርና አምባሰል እንዲህ ያለ ምሕረት የላቸውም፤ ይቆዩ።

የመጀመሪያው ዜማ መዘግየት የለበትም። አንዳንድ መምህር ወር ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ አምስት መስመር እያሰመረ ኖታ ያስቀዳል፤ ልጁ መሣሪያውን ሳይነካ ፍላጎቱ ያልቃል። የእኔ ተማሪዎች ገና ክራሩን እንደያዙ የሚጠይቁኝ አምቦ ተወልዶ ያደገውን የሃጫሉ ሁንዴሳን ዘፈን ነው። ሙሉው ለጀማሪ ይከብዳል፤ ግን አልከለክልም። በሦስት ክር የሚያልቅ ሐረግ መርጬ እሰጣቸዋለሁ። ክራር ያልደረሳቸው ዴስክ እየመቱ ምቱን ይይዛሉ፣ ይዘፍናሉ፤ ተራው ቶሎ ቶሎ ይዞራል። ዝም ብሎ የሚጠብቅ ልጅ አይኖርም።

ጃፓናዊው የቫዮሊን መምህር ሺኒቺ ሱዙኪ ልጆች ሙዚቃን አፍ መፍቻ ቋንቋቸውን በለመዱበት መንገድ፣ በመስማትና በመድገም፣ ይማሩ ብሎ አስተማረ፤ ወላጅም ከትምህርቱ እንዳይለይ አደረገ። የእኛ የዜማ ተማሪዎችም ከመምህራቸው አፍ እየተቀበሉ ነው የኖሩት። የበገናው ሊቅ ዓለሙ አጋ ደግሞ በገናን ያገኘው በአሥራ ሁለት ዓመቱ፣ አለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል እንጦጦ ላይ ጎረቤቱ ሲሆኑ ነው። አለቃ ሊያስተምሩ ሲሄዱ በገናቸውን ይሸከምላቸው ነበር፤ ቆይቶ ተማሪያቸው ሆነ፣ በኋላም ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት አስተማረ። ይህን ታሪክ በጣም እወደዋለሁ። እኔም ለዓይን አፋሩ ልጅ መጀመሪያ የምሰጠው ሥራ ነው፦ ማሲንቆውን እንዲያመጣ፣ የደጋኑን ጭራ ዕጣን እንዲቀባ። ዕጣን ያልተቀባ ጭራ ክሩ ላይ ይንሸራተታል፣ ድምፅም አይሰጥም፤ ልጁ ይህን በእጁ ሲያየው ያለ እሱ ሥራ ዜማ እንደማይኖር ይገባዋል።

ማሲንቆ የምትማር አንዲት ልጅ ነበረችኝ። አያቷ ከጉደር መጥተው «አዝማሪ ልታደርጊያት ነው እንዴ ልጄ? ጎረቤትስ ምን ይላል?» አሉኝ። «እማማ፣ ይቀመጡና እርስዎ የሚያውቁትን የሠርግ ዘፈን ያንጎራጉሩላት» አልኳቸው። አቅማምተው በአፋን ኦሮሞ ጀመሩ። ልጅቱ ጣቷን ክሩ ላይ ወደ ላይ ወደ ታች እያንሸራተተች ዜማውን ፈለገች፤ ሁለት ቦታ ሳተች። አያቷ ማንጎራጎራቸውን አቁመው «አይ፣ እዚያ ጋ ትንሽ ከፍ በዪ» አሏት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤት ውስጥ የሚያርሟት እሳቸው ሆኑ።

አምስተኛ ክፍል ገደማ ሲደርሱ መቃኘቱን ለልጆቹ አስረክባለሁ። ባለ ስድስት ክር ክራር በትዝታ ሲቃኝ ስድስተኛው ክር አንደኛውን በኦክታቭ ይደግማል፤ ሁለቱን በማመሳሰል ይጀምራሉ። ከዚያ አንዱን ክር ተደብቄ አላላና «የትኛው ነው?» እላለሁ። ለማስተካከል የሚሻሙትን ብታዩ!

የምቆጨው በቁም ሣጥኑ ነው። በየከተማው «ይሰበራል» እየተባለ የሚቆለፍበት መሣሪያ አለ። ክራር ቢሰበር እንጨት ሠሪ ይጠግነዋል፤ ክሩ ቢበጠስ የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ይተካዋል። ቤቱ የማይለማመድ ልጅ ግን በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ የትም አይደርስም። እኔ ደብተር አለኝ፤ ወላጅ ይፈርማል፣ ልጁ ዓርብ ይወስዳል፣ ሰኞ ይመልሳል። የተበጠሰ ክር ካለ ይመዘገባል እንጂ ልጁ አይቀጣም።