ዲስኩ ይቀየር፣ ፋይሉ ይቆይ

ጎረቤቴ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ናቸው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ላፕቶፓቸውን በጨርቅ ቦርሳ ይዘው መጡና፣ «ልጄ፣ ይቺ ነገር ማብሪያዋን ከተጫንኩ በኋላ እስክትነሳ አቦሉ ተጠጥቶ ያልቃል» አሉኝ። ጥገና ቤት ወስደዋት ነበር። እዚያ ያሉት ልጆች አይተው «ፎርማት ትደረግና ትፈጥናለች» ብለዋቸዋል። እሳቸውን ያሳሰባቸው ግን ፍጥነቱ አልነበረም። ማን ስንት እንዳዋጣ፣ ማን መቼ እንደገባ፣ ቃለ ጉባኤው ሳይቀር፣ የ11 ዓመት የእድሩ መዝገብ ያለው እዚያችው ላፕቶፕ ውስጥ ነው። «ደግሞ ዲ ላይ ነው ያስቀመጥኩት። ዲ አይነካም አይደል?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ይህን ጥያቄ ከብዙ ሰው ሰምቼዋለሁ። ሲ እና ዲ ተብለው የሚታዩት በአብዛኛው ላፕቶፕ ላይ ሁለት ዕቃዎች አይደሉም፤ አንዱ ዲስክ ለሁለት ተከፍሎ ነው። ባለሙያው ዊንዶውስ እንደገና ሲጭን ሲን ብቻ አጥፍቶ ዲን ሊተወው ይችላል። «ዲ አይነካም» የሚለው እምነት የመጣው ከዚህ ነው። ዲስኩ ራሱ ሲሞት ግን ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ፤ ጣሪያ ሲደረመስ ጓዳና ሳሎን አይመርጥም። ስለዚህ «ጋሼ፣ መዝገቡ ሌላ ቦታ ቅጂ ከሌለው ዲ ላይ መሆኑ ብቻ አያድነውም» አልኳቸው። ሌላ ቦታ ቅጂ አልነበረውም።

የዘገየችበት ምክንያት ውስጧ ያለው የድሮው ዓይነት ሃርድ ዲስክ ነው። ሽፋኑ ስር እንደ መስታወት የሚያብረቀርቁ ክብ ሳህኖች አሉ፤ በእሳቸው ላፕቶፕ ላይ በደቂቃ 5400 ጊዜ ይዞራሉ። ጫፉ ከሳህኑ በናኖሜትር በሚለካ ርቀት ላይ የሚንሳፈፍ ቀጭን ክንድ ወዲያና ወዲህ እየሄደ ያነባል፣ ይጽፋል። ዊንዶውስ ሲነሳ ብዙ ሺህ ትናንሽ ፋይሎችን ከየቦታው ይጠራል፤ ክንዱ ለእያንዳንዱ መሄድ፣ ሳህኑም ዞሮ እስኪደርስለት መጠበቅ አለበት። በዚህ አኳኋን በሰከንድ የሚያነሳው 100 ግድም ቁራጭ ነው። ኤስኤስዲ የሚባለው አዲሱ ዓይነት የሚዞር ነገር የለውም፤ መረጃው ያለው ቺፕ ላይ ስለሆነ በሰከንድ በአሥር ሺዎች ያነሳል። ለአሮጌ ላፕቶፕ አንድ ነገር ብቻ ለመግዛት አቅም ቢኖር እኔ ከሌላው ሁሉ አስቀድሜ ዲስኩን እቀይራለሁ። ፎርማት ማድረግ ለጊዜው ያቀለዋል እንጂ ክንዱን አያፋጥነውም።

ከመግዛት በፊት ግን የአሮጌውን ጤና ማወቅ ይገባል። ክሪስታልዲስክኢንፎ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ ዲስኩ ስለ ራሱ የሚመዘግበውን አውጥቶ በቀለም ያሳያል። ሰማያዊ ከሆነ ደህና ነው፤ ቢጫ ከሆነ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ቀይ ከሆነ ለመሞት ተቃርቧል። የጋሼ ዲስክ ቢጫ ነበር። ከዝርዝሩ ውስጥ «ሲ5» የሚለው ረድፍ፣ ዲስኩ ማንበብ ያቃተውን ቦታ የሚቆጥረው፣ ዜሮ መሆን ሲገባው ዜሮ አልነበረም።

ቢጫ ሲታይ የሥራው ቅደም ተከተል ይለወጣል። መጀመሪያ የማይተኩት ፋይሎች ወደ ኤክስተርናል ወይም ወደ ፍላሽ ይገለበጣሉ፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው። እኛም የእድሩን ፎልደር በመጀመሪያ፣ የልጆቻቸውን ፎቶ ቀጥሎ፣ ፊልምና ዘፈኑን በመጨረሻ ገለበጥን። በዚህ ጊዜ ዲስኩን «ልጠግነው» ብሎ የዊንዶውስን መጠገኛ ማስሮጥ ስህተት ነው፤ የደከመ ዲስክ ላይ ብዙ ሰዓት የሚፈጅ ሥራ መጫን ማለት ነው፣ ያውም እየጻፈበት። ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ የሚያሰማ ዲስክ ከሆነማ ወዲያው ያጥፉት። እያጠፉና እያበሩ መሞከር ክንዱ ሳህኑን እንዲቧጭረው ዕድል መስጠት ነው። ድምፅ ለማያሰማ ግን አንዳንድ ቦታው አልነበብ ላለ ዲስክ፣ የሚነበበውን አስቀድሞ አንስቶ አስቸጋሪውን ቦታ ለኋላ የሚተው ዲዲሬስኪው የሚባል መሣሪያ አለ፤ እሱንም ቢሆን የሚያውቅ ሰው ቢይዘው ይሻላል።

ግዢው ቀላል ነው፤ ሁለት ሦስት ነገር ብቻ ማየት ነው። አብዛኛው አሮጌ ላፕቶፕ የሚወስደው ሳታ የሚባለውን ባለ 2.5 ኢንች ዲስክ ነው። ቀጠን ያሉት አዳዲሶቹ ላፕቶፖች ደግሞ እንደ ማስቲካ ልጥ ያለችውን ኤም.2 ይወስዳሉ፤ ስለዚህ አስቀድሞ ከፍቶ ማየት ነው። ሳታው ኤስኤስዲ ውፍረቱ 7 ሚሊሜትር ነው፤ የድሮው 9.5 ከነበረ ቦታው ላይ እንዳይወዛወዝ ዙሪያውን የሚሞላ ትንሽ ክፈፍ ያስፈልገዋል። መጠኑን በተመለከተ፣ 500 ጊጋ ተብሎ የተገዛ ዲስክ ዊንዶውስ ላይ 465 ቢል ሻጩ አጭበርብሮ አይደለም፤ ፋብሪካው በሺህ፣ ዊንዶውስ በ1024 ስለሚቆጥሩ ነው። ዋጋው ከሌላው ሱቅ በጣም የወረደ፣ መጠኑ ደግሞ በጣም የበዛ ኤስኤስዲ ካዩ ግን ይጠርጥሩ። 2 ቴራ የተጻፈበት፣ ውስጡ ግን 64 ጊጋ ብቻ የሆነ ዕቃ ገበያ ላይ አለ። ፋይል ሲጭኑበት የተቀበለ ይመስላል፤ ከሞላ በኋላ የገባው ሁሉ ሲከፈት ባዶ ነው። ኤች2ቴስትደብልዩ የሚባል ነጻ ፕሮግራም ዲስኩን እስከ አፉ ሞልቶ መልሶ በማንበብ እውነቱን ያወጣል።

አሁን ምርጫው ሁለት ነው። አንደኛው ክሎን ማድረግ ነው፤ አሮጌውን ዲስክ ከነዊንዶውሱ፣ ከነፕሮግራሙ፣ ከነፋይሉ እንዳለ ወደ አዲሱ መገልበጥ። ሁለተኛው በአዲሱ ላይ ንጹሕ ዊንዶውስ ጭኖ ፋይሉን ብቻ ማምጣት ነው። ፒችትሪ ለሚጠቀም የሒሳብ ሠራተኛ፣ ዲስኩ ጤነኛ እስከሆነ ድረስ፣ ክሎን እመርጣለሁ። ፕሮግራሙን እንደገና መጫኑ ራሱ አድካሚ ነው፣ የኩባንያው ዳታም በራሱ ፎልደር ውስጥ ስለሚቀመጥ «ማይ ዶክመንትስ»ን ብቻ የገለበጠ ሰው ትቶት ይሄዳል። ዲስኩ የታመመ ወይም ዊንዶውሱ በቫይረስ የተበላሸ ከሆነ ግን ክሎን በሽታውንም ይዞ ነው የሚሄደው፤ ያኔ ንጹሕ መጫን ይሻላል። ዊንዶውስ 10 ከሆነ ደግሞ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 መደበኛ ድጋፉን እንዳቆመ ያስቡበት። ፈቃዱ ይጠፋል ብለው ግን አይስጉ፤ ከዊንዶውስ 10 ወዲህ ፈቃዱ የሚታሰረው በዋናው ቦርድ እንጂ በዲስኩ አይደለም።

ክሎን ለሚያደርግ ሰው የሚያስፈልገው ሳታን ከዩኤስቢ የሚያገናኝ ኬብልና አንድ ፕሮግራም ነው፤ ክሎንዚላ ነጻ ነው፣ አንዳንድ የኤስኤስዲ አምራቾችም የራሳቸውን ይሰጣሉ። አዲሱ ዲስክ ከአሮጌው ቢያንስ፣ ለምሳሌ ከ500 ወደ 480 ከሆነ፣ የተያዘው ቦታ መብቃቱን አይተው ክፍልፋዩን አስቀድመው ያሳጥሩ። ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ 48 አኃዝ ያለውን መክፈቻ ቁልፍ ወረቀት ላይ ጽፈው ይያዙ፤ አለዚያ ከተቀየረ በኋላ ደጅ ሊያስቀርዎት ይችላል። 200 ጊጋ በአሮጌው ዩኤስቢ 2 ሁለት ሰዓት ገደማ፣ በዩኤስቢ 3 ደግሞ አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ያልቃል። መሃል ላይ መብራት ቢሄድ ጥፋቱ ትንሽ ነው፤ አሮጌው ዲስክ እየተነበበ እንጂ እየተጻፈበት ስላልነበር ከአዲስ ይጀመራል። የላፕቶፑ ባትሪ የሚሠራ ቢሆን ግን ድካሙ ይቀራል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የተቃጠልኩበት ቦታ ነውና። ፕሮግራሙ ከየትኛው ወደ የትኛው እንደሚገለብጥ ይጠይቃል። ከዓመታት በፊት የራሴን ዲስክ ስቀይር አሮጌውም አዲሱም 500 ጊጋ ነበሩ፤ ዝርዝሩ ላይ የሚለያቸው የፋብሪካው ስም ብቻ ነው። ቸኩዬ አገላበጥኩት። ባዶው ዲስክ በሙሉው ላይ ተገለበጠ፣ የሦስት ዓመት ፎቶም አብሮ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ከመጀመሬ በፊት የሁለቱንም ዲስክ ስምና ተከታታይ ቁጥር ወረቀት ላይ እጽፋለሁ፤ ጀምር የሚለውን ከመጫኔ በፊትም ጣቴን ስክሪኑ ላይ አድርጌ ከወረቀቱ ጋር አስተያያለሁ።

የእጅ ሥራው አስፈሪ አይደለም። ላፕቶፑ ይጠፋል፣ ቻርጀሩ ይነቀላል፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ ይወጣል። እጅዎን የብረት ዕቃ አስነክተው ካቻቢቴ ያነሳሉ። ብሎኖቹ ቁመታቸው ስለሚለያይ እኔ ወረቀት ላይ የላፕቶፑን ጀርባ ሥዬ እያንዳንዱን ብሎን በወጣበት ቦታ ላይ በፕላስተር እለጥፈዋለሁ። ዲስኩ ወደ ላይ ተፈንቅሎ አይወጣም፤ በአግድም ተስቦ ከሶኬቱ ይላቀቃል። አዲሱ ያንኑ መንገድ ተከትሎ ይገባል። ክሎን ከሆነ መጀመሪያ ሲበራ አሮጌው ተነቅሎ መሆን አለበት፤ ሁለቱ መለያቸው አንድ ስለሆነ ዊንዶውስን ያደናግሩታል።

የጋሼ ዲስክ የታመመ ስለነበር ንጹሕ ዊንዶውስ ጭነን ፋይሉን መለስን። ላፕቶፗ በደቂቃ ውስጥ ተነሳች፤ እሳቸውም ፊታቸው በራ። እኔ ግን ፋይል መጣ የምለው ስሙን ሳይ ሳይሆን ከፍቼ ሳነበው ነው። የመዋጮውን ኤክሴል ከፈትን፣ ደህና ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ቃለ ጉባኤ ስንከፍት ገጹ ሙሉ የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ሆኖ መጣ። ጋሼ «ጠፋ በለኛ!» ብለው ተነሱ።

አልጠፋም። ቃለ ጉባኤው የተጻፈው በፓወር ግዕዝ የቆየ እትም ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ቢሆንም፣ እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ያሉት ፕሮግራሞች የቆዩት ፎንቶቻቸው የአማርኛውን ቅርጽ በላቲን ፊደል ቦታ ላይ የሚያስቀምጡ ነበሩ፤ ብዙ መሥሪያ ቤትም ከዚያ በኋላ ዓመታት ሙሉ በእነሱ ጽፏል። ፎንቱ ኮምፒዩተሩ ላይ ከሌለ ጽሑፉ እንዳለ ሆኖ አይነበብም። ፎንት ደግሞ የሚኖረው ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ እንጂ ሰው ፋይሌ ብሎ በሚያስበው ቦታ አይደለም። እኔም ስገለብጥ አላሰብኩትም።

አሮጌውን ዲስክ እስከዚያ ድረስ ማንም አልነካውም ነበር። በኬብሉ ሰካሁት፣ ዊንዶውስ ከዚያም ፎንትስ የሚለውን ፎልደር ከፍቼ የግዕዞቹን ፎንቶች አመጣሁና ጫንኳቸው። ገጹን እንደገና ስንከፍተው «በዛሬው ዕለት የተገኙ አባላት» ከሚለው ጀምሮ ሁሉም ቦታው ላይ ነበር። ጋሼ ዝርዝሩን ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ፤ አንዳንዱ ስም ላይ ሲደርሱ «ነፍሱን ይማር» እያሉ።

ለዚህ ነው አዲሱ ሠራ ተብሎ አሮጌውን በዚያው ዕለት ፎርማት ማድረግ፣ ወይም ለጥገና ቤቱ በዋጋ ማስያዝ የማይገባው። ቢያንስ አንድ ወር፣ ሒሳብ የሚሠራበት ከሆነ የዓመቱ ሒሳብ እስኪዘጋ፣ ይቀመጥ። ጤነኛ ከሆነ፣ በኋላ ኬዝ ገዝተው ባክአፕ ያደርጉታል። መሸጥ ካለበት ግን ፈጣኑ ፎርማት አይበቃም፤ እሱ ማውጫውን ብቻ ነው የሚያነሳው። ሙሉው ፎርማት ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር በዜሮ ይሞላዋል፤ የ11 ዓመት የእድር አባላት ስልክና አድራሻ ያለበት ዲስክ ያለዚያ ከቤት አይወጣም።

የጋሼ ዲስክ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ቁምሳጥናቸው ውስጥ ከእድሩ ማኅተም ጎን ተቀምጧል። ላዩ ላይ ፕላስተር ለጥፈው የተቀየረበትን ቀን ጽፈውበታል፤ ከሥሩም «ሳይጠየቅ እንዳይጠፋ» ይላል።