ያልጠጡት ውኃ

ዘመድ ሊጠይቁ ወረታ መጥተው፣ አንዱን የዕረፍት ቀን የርብ ወንዝ ጣና ከሚገባበት አቅራቢያ፣ ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጃቸው በዳርቻው ውኃ ሲንቦራጨቅ እያዩ በደስታ የዋሉ ባልና ሚስት፣ ከሁለት ወር ግድም በኋላ ለበዓል ሲመለሱ ልጁን ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይዞት ወደምሠራበት የሕክምና ቦታ አመጡት። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ከጎኑ እሾህ ያለው እንቁላል ተገኘ፤ ብልሃርዚያ ነው። እናቲቱ ግን «ሲስተር፣ አንዲት ጉንጭ እንኳ አልጠጣም እኮ!» አለችኝ።

ይህን ቃል እስኪሰለቸኝ ሰምቼዋለሁ። ውኃ ደዌ የሚያመጣው በአፍ ሲገባ ብቻ ነው የሚለው እምነት በተማረውም ባልተማረውም ልቡና ሥር ሰድዷል። ነገር ግን ከታማሚ ሰው ዓይነ ምድር ጋር ውኃ ውስጥ የወረደው እንቁላል ተፈልፍሎ፣ በቀንድ አውጣ ሥጋ ውስጥ ከተራባ በኋላ፣ ከዓይን የተሰወረው እጭ ፀሐይ ስትበረታ ወደ ውኃው ይወጣና በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የጤነኛውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ይልቁንም እጅግ የሚያሳዝነኝ፣ ወላጅ ልጁ እንዳይሰጥም ብሎ የሚመርጠው ሥፍራ፣ ማለት ማዕበል የማይደርስበትና ሣር የበቀለበት ጥልቀት የለሽ ዳርቻ፣ ለቀንድ አውጣው የሚመች መሆኑ፣ ብርድ እንዳይመታውም ብሎ የሚመርጠው እኩለ ቀን እጩ የሚበዛበት ሰዓት መሆኑ ነው። በምጽዋ ወይም በጂቡቲ የጨው ባሕር የታጠበ ሰው ይህ ሥጋት የለበትም፤ ጣና ግን ጨው የሌለው ውኃ ነው።

ነፍሱን ይማርና፣ የአገራችን ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዐድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመልክቶ የእንዶድን ቀንድ አውጣ የመግደል ኃይል ለዓለም ካስታወቀ ከ60 ዓመት በላይ ሆነ። ስለዚህ ደዌ ከሌላው ሕዝብ አስቀድመን ማወቅ የሚገባን እኛ ነበርን።

በየትምህርት ቤቱ የሚታደለው ፕራዚኳንቴል ገና ድክ ድክ ለሚለው ሕፃን አይደርስም። ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ሕፃኑን ከሐይቁ ራቅ አድርጋችሁ፣ ፈልቶ በበረደ ውኃ በሣፋ አጫውቱት፤ ገብቶ የተገኘ እንደ ሆነም፣ እንቁላሉ በምርመራ የሚታየው ብዙ ሳምንት ቆይቶ ነውና፣ በኋላ ሆዱን ሲያመው ሐኪሙ ሳይጠይቃችሁ «ጣና ገብቶ ነበር» ብላችሁ ንገሩት።