ኮምፒዩተሩ የሚሰጠን ዓመት የማን ዓመት ነው?

በስታቲስቲክስ ሶፍትዌር የሚሠራ ተማሪ ከሙሉ ቀን ውስጥ ዓመቱን ብቻ ነጥሎ ማውጣትን እንደ ተራ ሥራ ይቆጥረዋል። አንድ ትእዛዝ ይጻፋል፤ ዓመቱ ይወጣል። መረጃው ከአገራችን የጤና ጣቢያ መዝገብ የተቀዳ ሲሆን ግን ነገሩ ይወሳሰባል።

ሶፍትዌሩ ቀንን የሚያስቀምጠው ከአንድ መነሻ ጀምሮ እንዳለፉ ዕለታት ብዛት ነው። የአር መነሻ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ሲሆን፣ የሳስና የስታታ ደግሞ ጃንዋሪ 1 ቀን 1960 ነው። ኤስፒኤስኤስ ከዕለታት ይልቅ ሰከንዶችን ይቆጥራል፤ ያውም ከኦክቶበር 14 ቀን 1582፣ ማለትም የግሪጎርዮስ አቆጣጠር ሥራ ላይ ከዋለበት ዕለት ዋዜማ አንሥቶ። ለፊዚክስ ተማሪ ይህ እንግዳ አይደለም፤ በጊዜ መሥመር ላይ ዜሮን የት እናስቀምጥ የሚል ምርጫ ነው። ቁጥሩ ራሱ የማንም አቆጣጠር አይደለም። ዓመት የሚገኘው ቁጥሩ ሲተረጎም ነው፤ የሶፍትዌሩ ትርጓሜ ደግሞ የአውሮፓውያኑ ነው።

ብዙዎች ከወጣው ዓመት ላይ 8 ቀንሰው ያልፋሉ። ልዩነቱ ግን ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ 7 ነው። ስሕተቱ በዓመቱ ላይ እኩል የተበተነ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ በቀለለ ነበር። የወባ ሥርጭት በአገራችን ከፍ የሚለው ግን ክረምቱ ከወጣ በኋላ፣ በእነዚሁ ወራት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የደረሰውን ሰፊ ወረርሽኝ እናስብ። የኅዳር 1996 ዓ.ም. ሕሙማን፣ 8 ሲቀነስ፣ ወደ 1995 ይዛወራሉ። በ1996 መግቢያ የተካሄደ የፀረ ወባ ርጭት ቢኖር፣ በሠንጠረዡ ላይ ወረርሽኙ ካለፈ በኋላ የመጣ ይመስላል። ርጭቱ ጠቅሟል ወይስ አልጠቀመም የሚለው ፍርድ እዚህ ላይ ይበላሻል።

የኢትዮጵያን ቀን እንዳለ መጻፍም አያዋጣም። ጥቅምት 30 ለሶፍትዌሩ ‹ፌብሩዋሪ 30› ስለሚሆን አይቀበለውም፤ ጳጉሜንም እንዲሁ፣ ምክንያቱም 13ኛ ወር አያውቅም። በየዓመቱ ቢያንስ ስድስት ዕለታት ባዶ ይቀራሉ። የከፋው ግን የተቀሩት ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ መግባታቸው ነው።

እኛ የምንመርጠው ዓመቱን በቀጥታ ከዕለታቱ ብዛት ማውጣትን ነው። የአርን ቁጥር በ4 እናባዛ፤ 2866931 እንደምር፤ በ1461 እናካፍል፤ ሙሉ ቁጥሩን ብቻ እንውሰድ። 1461 የአራት ዓመታት ዕለታት ድምር ነው፦ ሦስት ጊዜ 365 እና አንድ ጊዜ 366። በ4 ማባዛታችን ዕለቱን በሩብ ስለሚከፍለው ዓመቱ 365 ከሩብ መሆኑ ክፍልፋይ ሳያስከትል ይስተናገዳል። የሚደመረው ቁጥር ደግሞ መነሻውን ከ1970 ወደ ዓመተ ምሕረት መጀመሪያ ያዛውራል። የሳስ ወይም የስታታ ተጠቃሚ አስቀድሞ 3653 ይቀንስ።

እንፈትነው። ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 በአር 13768 ነው። በ4 ሲባዛ 55072፣ ሲደመር 2922003፤ ለ1461 ሲካፈል 2000 ደርሶ 3 ይተርፋል። ዕለቱ በእርግጥም መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. ነበር። የዋዜማው 13767 ደግሞ 1999 ይሰጣል። ትራፊው ለ4 ሲካፈል የሚገኘው ሙሉ ቁጥር ከመስከረም 1 ወዲህ ያለፉትን ዕለታት ስለሚነግረን፣ ወሩንና ቀኑን ከዚያው ማውጣት ይቻላል።

መስከረም 1 በአብዛኛው ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል የሚለውን ደንብ በፕሮግራማቸው ውስጥ የሚጽፉም አሉ። እ.ኤ.አ. 2100 በግሪጎርዮስ አቆጣጠር 366 ዕለታት ስለማይኖሩት፣ ከዚያ ወዲህ ደንቡ ወደ ሴፕቴምበር 12 ይሸጋገራል፤ ከላይ ያለው ስሌት ግን ማስተካከያ አይሻም።