2,147,483,647ን ተዋወቁት

ትልቅ ቁጥር ሲነሳ ሁሉም ዜሮ የተደረደረላቸውን ሚሊዮንና ቢሊዮንን ያደንቃል። እኔ የምወደው 2,147,483,647ን ነው። ሠላሳ አንድ ሁለቶችን እርስ በርስ አባዝተን 1 ስንቀንስ እናገኘዋለን። ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ከ1 እና ከራሱ በቀር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው የለም።

«31 ራሱ ብቸኛ ስለሆነ ነዋ!» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። አይደለም። 11ም ብቸኛ ነው፤ አሥራ አንድ ሁለቶች ተባዝተው 1 ሲቀነስ የሚመጣው 2,047 ግን የ23 እና የ89 ብዜት ነው። ሁለቱን አካፋዮች እስቲ ልብ በሏቸው፦ 23 ከ22 በ1 ይበልጣል፣ 89 ደግሞ ከ88 በ1። 22ም 88ም የ11 ብዜቶች ናቸው። ይህ አጋጣሚ አይደለም። የ2,047 ብቸኛ አካፋይ የሆነ ሁሉ ለ11 ሲካፈል የግድ 1 ይተርፈዋል። የእኛም ቁጥር አካፋይ ቢኖረው ኖሮ ያ አካፋይ ለ31 ሲካፈል 1 ይተርፈው ነበር።

የሒሳብ ሊቁ ሊዮናርድ ኦይለር ይህን ይዞ ነው የተነሳው። እ.ኤ.አ. በ1772 ሴንት ፒተርስበርግ ሲኖር ዓይኑ ከሞላ ጎደል ማየት ተስኖት ነበር። አካፋይ ካለ አንዱ የግድ ከ46,341 በታች መገኘት አለበት፤ እስከዚያ ያለውን ሁሉ እየሞከሩ መዝለቅ ግን ዕድሜ ይጨርሳል። ኦይለር አካፋዩ ለ8 ሲካፈል 1 ወይም 7 ብቻ ሊተርፈው እንደሚችልም ያውቅ ነበር። ሁለቱን ማጣሪያዎች ሲያጋጥማቸው፣ ለ248 ተካፍለው 1 ወይም 63 የሚተርፋቸው ቁጥሮች ብቻ ቀሩ። እነዚህ አራት መቶ እንኳ አይሞሉም፤ ከእነሱም ብዙዎቹ ብቸኛ ስላልሆኑ ይጣላሉ። ከተሞከሩት አንዱም አላካፈለውም። ቁጥራችን እስከ እ.ኤ.አ. 1867 ድረስ ከሚታወቁት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ ትልቁ ሆኖ ኖረ።

ኮምፒውተር አንድን ቁጥር በ32 ቢት (0 ወይም 1 በሚይዙ ቦታዎች) ሲይዝ፣ አንዱን ቢት ለመደመርና ለመቀነስ ምልክት ከተወ፣ ጣሪያው ይኸው ቁጥራችን ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የደንበኞች ስም ዝርዝር አይቼ ነበር፤ ከየስሙ ጎን ስልኩ 2147483647 ይላል። በ251 የሚጀምረው ባለ 12 አኃዝ ስልክ ከአቅሙ በላይ ሲሆንበት ዳታቤዙ የሚችለውን ትልቁን ጻፈ። እናንተ ፕሮግራመሮች፣ ስልክ አይደመርም፣ አይባዛም፤ እንደ ጽሑፍ ያዙት!

ብዙ ማሽኖች ሰዓትን የሚቆጥሩት እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ ያለፉትን ሰከንዶች በመደመር ነው። በ32 ቢት ለሚቆጥሩት ጣሪያው የሚሞላው በእኛ አቆጣጠር ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. ከማለዳው 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ ነው፤ በጥምቀት ማለዳ ማለት ነው። በሚቀጥለው ሰከንድ ቆጠራው ከዜሮ በታች ወርዶ ታኅሣሥ 1894 ዓ.ም. ላይ፣ አፄ ምኒልክ ዘመን ይገባል። ወደ 64 ቢት የተሻገረውን ይህ አይነካውም። ከገጠሙት ወዲህ ማንም ነክቶት የማያውቅ አሮጌ መቆጣጠሪያ ያለው ግን ከወዲሁ ያስፈትሸው።