ከሩቅ ለሚታረም ኮምፒውተር የሚላክ ትእዛዝ

«ፕሪንተሩ እምቢ አለ» በተባለ ቁጥር ባለሙያ ከደሴ ተነሥቶ፣ ኮምቦልቻን አልፎ እስከ ደጋን ሲመላለስ ጊዜውም ነዳጁም ይባክናል። ስለዚህም የጽሕፈት ቤቶቻችን ኮምፒውተሮች ብልሽት በተቻለ መጠን ከሩቅ እንዲታረም አድርገናል። አባቶች ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት «ሳናየው ማን ነው የሚነካብን?» ብለው ስለ ጠየቁን አሠራሩን እናብራራለን።

የሚላከው «ስክሪፕት» ይባላል፤ በተራ የተጻፉ ትእዛዛት ያሉበት አጭር ጽሑፍ ነው። በኮምፒውተሩ ላይ የተጫነ አነስተኛ ፕሮግራም ኢንተርኔት ሲያገኝ ማእከሉን እየጠየቀ ትእዛዙን ይቀበላል፤ ፈጽሞም ውጤቱን ያሳውቃል። ለምሳሌ በኅትመት መካከል መብራት ሲጠፋ ያላለቀው ሥራ ወረፋውን ዘግቶ ሊቀር ይችላል። ስክሪፕቱ የኅትመት አገልግሎቱን አቁሞ፣ የቀሩትን ፋይሎች ሰርዞ አገልግሎቱን መልሶ ያስነሣል። የውስጡ ትንሽ ባትሪ አልቆ ቀኑ ወደ ኋላ በሚመለስ ኮምፒውተር ላይ ግን ነገሩ ይከብዳል፤ በቀኑ ስሕተት ምክንያት ትእዛዝ የሚቀበልበት መስመር ራሱ ሊዘጋ ይችላልና። ያን ጊዜ ቀኑን በእጅ ማስተካከል፣ ባትሪውንም ማስለወጥ ግድ ነው።

የአባቶች ስጋት ከንቱ አይደለም። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ክራውድስትራይክ የተባለው የአሜሪካ የኮምፒውተር ደኅንነት ድርጅት የተሳሳተ ማሻሻያ ልኮ 8.5 ሚሊዮን ያህል ኮምፒውተሮች ቆመዋል፤ በየአገሩ በረራዎች ተሰርዘዋል። የተላከው ስክሪፕት ባይሆንም የአደጋው መንገድ አንድ ነው። ድርጅቱ ስሕተቱን በዚያው ዕለት ቢያርምም፣ የቆመ ኮምፒውተር እርማቱን መቀበል ስላልቻለ ብዙዎቹን ባለሙያ በአካል ቀርቦ ማስነሣት ነበረበት።

እኛም በመጠናችን ተሳስተናል። ዲስክ ለማቃለል በላክነው ስክሪፕት «ዳውንሎድ» የተባለውን ማኅደር ጨምረን ኖሮ፣ በአንድ ጽሕፈት ቤት በዚያ የተቀመጠው የእርዳታ ተቀባዮች ስም ዝርዝር ጠፋ። እንዲህ የተሰረዘ ፋይል ወደ ቅርጫቱ አይገባም። ያዳነን ጸሐፊው በእጃቸው የያዙት መዝገብ ነው፤ ከእርሱ እንደ ገና ገለበጥን። ከዚያ ወዲህ ማናቸውንም ስክሪፕት በራሳችን ኮምፒውተር፣ ቀጥሎም በአንድ ጽሕፈት ቤት ብቻ ሳንሞክር ለሌሎች አንልክም። የሚሰርዝ ከሆነም አስቀድመን ስልክ እንደውላለን።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ እንደታየው፣ መስመር ከሌለ ስክሪፕት አይደርስም። ስለዚህ የፕሪንተሩንና የቀኑን አስተካከል በአማርኛ ጽፈን በየጠረጴዛው እናስቀምጣለን፤ የእጅ መዝገቦችም በኮምፒውተር ተተክተዋል ተብለው እንዳይጣሉ አደራ እንላለን።