«ስንተኛ ወጣህ?»

ሰኔ 30 ቀን ከአንድ ትምህርት ቤት በር አጠገብ ቆመህ የሚወጡትን ሕፃናት ብትመለከት፥ ውጤታቸውን ሳትጠይቅ ከአረማመዳቸው ልታውቀው ትችላለህ። አንዱ ካርዱን እንደ ሰንደቅ ዓላማ ከፍ አድርጎ ይሮጣል፤ ሌላው አራት ላይ አጥፎ ከደብተሩ ውስጥ ሸሽጎ፥ አጭሩን መንገድ ትቶ በረጅሙ ይዞራል። ዓመቱን ሙሉ የተቋጠረ ጠብ «ሰኔ ሠላሳ እንገናኝ!» እየተባለ ለዚሁ ቀን የሚቀጠረውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከዚያ ቀን በኋላ ትምህርት ቤቱ ስለሚዘጋ የሚቀጣ አስተማሪ የለምና። ካርዱን የሚጠብቀው ዳኛ ግን ትምህርት ቤት ሳይሆን ቤት ነው ያለው።

ያ ዳኛ፥ አንባቢ ሆይ፥ ምናልባት አንተው ነህ። አባት ጽሕፈት ባይችል፥ ወይም እናት «እኔ ምኑን አውቄው» ብትል፥ ካርዱ የሚቀርበው ተምሮ መሥሪያ ቤት ለገባው ታላቅ ወንድም ወይም ኮሌጅ ለገባችው ታላቅ እኅት ነው። አይተህ፥ ተቆጥተህ ወይም አመስግነህ ትፈርማለህ። እንግዲህ የምትፈርምበት ወረቀት ምን እንደሚል፥ ይልቁንም ምን እንደማይል፥ አብረን እንመርምር።

ካርዱ ከሁለት የታጠፈ ጠንካራ ወረቀት ነው። የትምህርቶቹ ስም ከላይ ወደ ታች ተዘርዝሮ፥ በፊት ለፊታቸው የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት፥ የሁለተኛው መንፈቅ ዓመትና የሁለቱ አማካይ ይጻፋል። ከ50 በታች የሆነው ብዙውን ጊዜ በቀይ ቀለም ይሰፍራል። ከሥሩ ድምር፥ አማካይ፥ ጠባይ፥ የቀረበት ቀን ብዛትና ደረጃ ይከተላሉ። ይህን ሁሉ የሚያዘጋጀው ስም ጠሪው መምህር ነው፤ ከየትምህርቱ የመጣለትን ማርክ ሮስተር በሚባለው ሰፊ ሰንጠረዥ ላይ እየገለበጠ፥ እየደመረና እያካፈለ ስንት ሌሊት ያመሻል። ከዚያ ሁሉ ድካም ውስጥ ግን ቤት ሲደርስ የሚነበበው አንዲት ቁጥር ብቻ ናት። አባትም ጎረቤትም፥ ቡና ሊጠጣ ጎራ ያለው እንግዳም የሚጠይቀው «ስንተኛ ወጣህ?» ብቻ ነው።

ይህች ቁጥር እንዴት እንደምታታልል በሒሳብ እናሳይ። ዘጠኝ ትምህርት የሚማር ልጅ በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ከ900 ውስጥ 702 አገኘ እንበል፤ አማካዩ 78 ነው፥ ደረጃውም 8ኛ። በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት በርትቶ 711 አመጣ፤ አማካዩ 79 ሆነ። ነገር ግን ከበስተኋላው ተጠጋግተው የነበሩ ሰባት ልጆች 712፥ 714፥ 715 እያገኙ አለፉትና 15ኛ ወጣ። ልጁ አላነሰም፤ በ9 ነጥብ ጨምሯል። በቤቱ የሚሰማው ግን «8ኛ የነበርከው 15ኛ ሆንክ!» የሚል ነው፤ ቀበቶም ሊከተል ይችላል። በአንድ ክፍል ውስጥ አብዛኞቹ ልጆች ከመካከል ላይ ስለሚታፈጉ፥ በ7ኛውና በ20ኛው መካከል ያለው ልዩነት አንዳንድ ጊዜ ከአንድ የመልመጃ ጥያቄ አይበልጥም። ደግሞም በአንድ ክፍል 1ኛ የሚያስወጣ 80 ማርክ በጎረቤቱ ክፍል 20ኛ ሊያደርግ ይችላል። ደረጃ ስለ ልጁ ብቻ የሚናገር ይመስላል እንጂ፥ ስለ ጎረቤቶቹም ጭምር ነው የሚናገረው።

ድምሩስ? ድምር ሌላ ነገር ይሸሽጋል። አንዱ ሕፃን በሒሳብ 95፥ በአማርኛ 45 ያገኛል፤ ሌላው በሁለቱም 70 ያገኛል። ሁለቱም 140 ናቸው፥ በካርዱም ላይ ጎን ለጎን ይቆማሉ። የፊተኛው ግን ማንበብ ያስቸግረዋል፤ ማንበብ የተቸገረ ልጅ ደግሞ ነገ ኅብረተሰብም ሳይንስም ይቸገራል፤ የሒሳቡም ጥያቄ በቃላት ሲቀርብለት ይደነግራል። እኛ የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪዎች ይህን በየመስከረሙ እናየዋለን፤ መልካም አማካይ ይዞ መጥቶ አንድ ገጽ ሳይደናቀፍ የማያነብ ተማሪ እንግዳችን አይደለም። ካርዱ አልዋሸም፤ 45ቷም እዚያው በቀይ ተጽፋ ነበር። የተመለከታት ሰው ግን አልነበረም።

ማርኩ ራሱ ቢሆን ከሰማይ የወረደ አይደለም። በ1912 በአውሮፓ አቆጣጠር፥ በአሜሪካ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች የነበሩት ዳንኤል ስታርችና ኤድዋርድ ኤልየት ሁለት የእንግሊዝኛ የፈተና ወረቀቶችን እያባዙ ከመቶ ለሚበልጡ አስተማሪዎች እንዲያርሟቸው ላኩ። የተመለሰው ማርክ በብዙ አሥር ነጥቦች የተራራቀ ሆነ። «እንግሊዝኛ ስለ ሆነ ነው» ቢባሉ፥ በተከታዩ ዓመት በጂኦሜትሪ ወረቀት ሞከሩት፤ ያው አንድ ወረቀት ከአንዱ አስተማሪ ከ30 በታች፥ ከሌላው ከ90 በላይ አገኘ! አንዱ ለሥዕሉ መቆሸሽ ነጥብ ይቀንሳል፥ ሌላው አይቀንስም፤ አንዱ ለመልሱ ብቻ ይሰጣል፥ ሌላው ለመንገዱም ይሰጣል። ይህን ሳስብ በ78ና በ79 መካከል ደረጃ ማውጣታችን ያስገርመኛል።

በጥንቱ የቤተ ክህነት ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ደረጃ አልነበረም። ሕፃኑ ከፊደል ወደ አቡጊዳ፥ ከዚያ ወደ መልእክተ ዮሐንስ ንባብ፥ ከዚያም ወደ ዳዊት የሚያልፈው የያዘውን ሲያውቅ ነው። መሪጌታው «ስንተኛ ነው?» ሳይሆን «አውቆታል ወይስ አላወቀውም?» ብሎ ይመረምራል። አንዱ በአንድ ዓመት፥ ሌላው በሦስት ዓመት ዳዊት ሊደግም ይችላል፤ የደገመ ቀን ግን ለሁለቱም ቤተ ሰብ ድግስ ነው። (አለንጋውን ረስቼው አይደለም፤ ያንን ማንም እንዲመልሰው አልመኝም።) ፈጣኑና ዘገምተኛው ለአንድ ዓይነት እውቀት መብቃታቸው ግን ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ነው።

በዘመናችን ሊቃውንትም ነገሩን በፈተና አይተውታል። በ1988 በአውሮፓ አቆጣጠር ሩት በትለር የምትባል ተመራማሪ በእስራኤል አገር በ132 የ5ኛና የ6ኛ ክፍል ልጆች ላይ ያደረገችውን ጥናት አሳተመች። ልጆቹን በሦስት ከፈለቻቸው፤ ለመጀመሪያዎቹ በሥራቸው ላይ አስተያየት ብቻ ተጻፈላቸው፥ ለሁለተኛዎቹ ማርክ ብቻ ተሰጣቸው፥ ለሦስተኛዎቹ ማርክም አስተያየትም ተሰጣቸው። በሥራቸውም በፍላጎታቸውም የበለጡት አስተያየት ብቻ ያገኙት ሆኑ። የሚያስደንቀው ሦስተኛው ክፍል ነው፤ ሁለቱንም ያገኙት ልጆች ማርክ ብቻ ካገኙት እምብዛም አልተሻሉም። ልጅ ቁጥር ካየ ዘንድ ከጎኑ የተጻፈውን ምክር አያነብም ማለት ነው። ከካርዱ ሥር «ጎበዝ ተማሪ ነው፥ ይበርታ» የሚለውን ያነበበ ሰው ታውቃለህን?

በአገራችንም በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ተከታታይ ምዘናን አምጥቶ ነበር፤ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያሉ ሕፃናትም እየተረዱ ሳይወድቁ እንዲያልፉ ተደርጎ ነበር። አሳቡ መልካም ነበር። ነገር ግን ስልሳ ሕፃናት ባሉበት ክፍል «እየተረዱ» የሚለው ይቀርና «ሳይወድቁ» የሚለው ብቻ ይተርፋል፤ በእኔ አስተያየት ሰው ፖሊሲውን ያማው በዚህ ምክንያት ነው እንጂ፥ ሕፃን ካልተገፋ አይማርም ተብሎ አይደለም።

ነገሩ ቀልድ የማይሆነው ግን «አልተዛወረም» ተብሎ በተጻፈበት ካርድ ላይ ነው። ክፍል የደገመ ልጅ ከታናናሾቹ ጋር ይቀመጣል፤ ያንኑ መጽሐፍ ያንኑ በማያውቀው መንገድ ይደግማል። ልጂቱ ከሆነች፥ በተለይም በገጠር፥ ያች አንዲት ቃል «እንግዲህ ይብቃት፥ ለትምህርት አልተፈጠረችም» ለማለት ምክንያት ትሆናለች፤ እንስራውና ጋብቻው ይጠብቃታል። ምናልባት የጎደላት ክፍልፋይ ብቻ ነበር። ምናልባትም ከካርዱ ግርጌ «የቀረችበት ቀን 31» የሚለው ነው ሁሉን የሚናገረው፤ ሠላሳ አንዱን ቀን የት ዋለች? ከገበያ? ከታመመች እናት አጠገብ? በቀለሙ ቅላት ደንግጠን ያችን መሥመር ሳናነብ ካርዱን እንዘጋዋለን።

እንግዲህ ካርድ ሲቀርብልህ ደረጃውን በአውራ ጣትህ ሸፍነው። አስቀድመህ የቀረበትን ቀን ተመልከት። ቀጥሎ የእያንዳንዱን ትምህርት የመጀመሪያና የሁለተኛ መንፈቅ ዓመት አስተያይ፤ የጨመረበትን ለልጁ በስሙ ጥራለት፥ «ሳይንስ ከ58 ወደ 66 አድርሰሃል» በለው። ከዚያ ዝቅተኛውን ይዘህ ደብተሩን አስመጣና አንድ ገጽ አስነብበው ወይም አንድ ክፍልፋይ አሠራው። ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም፤ ከካርዱም የበለጠ ታውቃለህ። የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ካርድ ተፈርሞ ወደ ትምህርት ቤት የሚመለስ ስለ ሆነ፥ ከፊርማህ አጠገብ ወይም በብጣሽ ወረቀት ለስም ጠሪው አንድ ጥያቄ ጻፍለት፤ «በንባብ በኩል ቤት ምን ላሠራው?» ብትለው ይበቃል። ሮስተር ላይ ሲያመሽ የከረመ መምህር እንዲህ ያለ ጥያቄ ከስንት ካርድ አንዴ ቢያገኝ ነውና፥ መልሱን ሳይጽፍልህ አይቀርም።