ፍላቂት ላይ ጌም ኮምፒውተር የሚገጥም ሰው ከመብራቱ ይጀምር

ፍላቂት በአማራ ክልል ሰሜን ወሎ የመቄት ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከወልድያ ወደ ወረታ በሚዘረጋው፣ ሰዉ «የቻይና መንገድ» በሚለው ጎዳና ላይ። እዚያ የሚኖር ወጣት በጠባብ በጀት ጌም ኮምፒውተር ልግጠም ብሎ ዩቲዩብ ቢከፍት፣ የሚያገኘው ምክር አብዛኛው ከግራፊክስ ካርድ ይጀምራል። ምክሩ መብራት ለማይቆራረጥበትና የተበላሸ ዕቃ በሳምንት ለሚቀየርበት አገር ልክ ነው። ለፍላቂት ግን ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። መጀመሪያ የኤሌክትሪኩ ጉዳይ ይታሰብ፣ ቀጥሎ ሳጥኑ፣ ካርዱ በመጨረሻ።

ገንዘቡም ያስገድዳል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። የኮምፒውተር ዕቃ ሁሉ ከውጭ የሚገባ ስለሆነ ዋጋው አብሮ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ ደግሞ የራም ዋጋ በዓለም ገበያ ላይ ተሰቀለ፤ ፋብሪካዎቹ ለአርተፊሻል ኢንተለጀንስ ማዕከላት ማምረቱን ስላስቀደሙ ነው። አዲስ ዕቃ ለየብቻው ገዝቶ መገጣጠም ለብዙ ወጣት ከአቅም በላይ የሆነው በዚህ የተነሳ ነው።

ስለዚህ የተሻለው መነሻ ያገለገለ የቢሮ ኮምፒውተር ነው። ዴል ኦፕቲፕሌክስ፣ ኤችፒ ኤሊትዴስክ፣ ሌኖቮ ቲንክሴንተር፤ የውጭ ድርጅቶች ለተወሰኑ ዓመታት ሠርተውባቸው በጅምላ የሚያስወግዷቸው ናቸው። ብዙ ሻጭ ሳጥኑን በሙሉ «ሲፒዩ» ስለሚለው፣ ገዢው ውስጡ ያለው ፕሮሰሰር የስንተኛ ትውልድ እንደሆነ ለይቶ መጠየቅ አለበት። እዚህ ላይ አንድ መስመር መታወቅ አለበት። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ የሚቀበለው ከስምንተኛው ትውልድ ጀምሮ ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ነው። እንደ ቫሎራንት ያለ ጨዋታ ዊንዶውስ 11 ላይ ቲፒኤም 2.0 እና ሴኪዩር ቡት የተባሉት የደህንነት ቅንብሮች ካልበሩ አይነሳም። ስለዚህ አቅም ከፈቀደ ኮር አይ5 8500 ያለው ኦፕቲፕሌክስ 7060 ወይም የዚያ ዘመን ኤሊትዴስክ ይፈለግ። ስድስት ኮር ያለው ፕሮሰሰር ነው፤ ለጥቂት ዓመታት አያሳፍርም። ኢንተርኔት ሳይነካ ፔስ እና ጂቲኤ 5 ብቻ ለሚጫወት ሰው ግን የአራተኛ ትውልዱም ይበቃዋል።

በሳጥኑ መጠን ላይ መቆጠብ አይገባም። ቀጭኑ ሳጥን ዋጋው ዝቅ ይላል፣ ጠረጴዛ ላይም ያምራል፤ ነገር ግን የሚቀበለው ቁመቷ አጭር የሆነችውን ካርድ ብቻ ነው። አጭሯ ካርድ ደግሞ እንደ ልብ አትገኝም፣ ስትገኝም ትወደዳለች። ትልቁን ሳጥን ለማግኘት «ታወሩን ስጠኝ» ማለት ያስፈልጋል።

አሁን ወደ መብራቱ።

በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ በትግራይ የተጀመረው ጦርነት ሰሜን ወሎ ሲገባ ላሊበላና አካባቢዋ ለወራት ያለ መብራት ኖረዋል። በደህናውም ጊዜ ቢሆን ማታ ሁሉም ቤት ምጣዱን ሲሰካ ኃይሉ ይወርዳል፤ ጠፍቶ ሲመለስ ደግሞ ድንገት ይዘላል። ኮምፒውተር ውስጥ ይህን ሁሉ የሚቀበለው ፓወር ሰፕላዩ ነው። ጎኑ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ደግሞ ለሚያነበው ሰው ብዙ ይናገራል። መጀመሪያ የሚታየው «ኢንፑት» የሚለው መስመር ነው። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ፣ 220 የሚባለው ኃይል ወደ 150 ቢወርድ እንኳ ዕቃው መሥራቱን ይቀጥላል። 115 እና 230 የሚል ቀይ መቀያየሪያ ከጀርባው ካለው ግን ያን አይችልም፤ መቀያየሪያው 115 ላይ ሆኖ ከተሰካ ደግሞ በዚያው ቅጽበት ይቃጠላል። ከመሰካት በፊት ይታይ።

ሁለተኛው የ12 ቮልቱ መስመር ነው። ፕሮሰሰሩና ካርዱ የሚመገቡት ከዚያ ነው። ስም የሌለው ርካሽ ፓወር ሰፕላይ ላይ በትልቁ «500 ዋት» ተጽፎ፣ ከታች በደቃቁ 12 ቮልት 18 አምፔር የሚል ሊገኝ ይችላል። 12 በ18 ሲባዛ 216 ዋት ነው። ቁም ነገሩ ያ ነው፤ 500 የሚለው ማስታወቂያ ነው። የዴል ወይም የኤችፒ ታወር ላይ 260 ወይም 290 ዋት ብቻ ተጽፎ ሲታይ ያነሰ ቢመስልም፣ የጻፈውን በእውነት ይሰጣል።

የቢሮ ኮምፒውተሩ አንድ ከባድ ጉድለት እዚሁ ላይ አለበት፤ ሻጭም አያነሳውም። ገበያ ላይ ያለው ተራ ፓወር ሰፕላይ ባለ 24 ፒን መሰኪያ አለው። የ2012ቱ ኦፕቲፕሌክስ 7010 ያንኑ ይቀበላል። ከእሱ በኋላ የመጡት 3020 እና 9020 ግን የሚቀበሉት ዴል ለራሱ ያወጣውን ባለ 8 ፒን ነው። ኤችፒም በኤሊትዴስኮቹ የራሱን መሰኪያ ይጠቀማል። ይህ ፓወር ሰፕላይ ፍላቂት ላይ ቢቃጠል፣ ወልድያ ወይም ደሴ ወርዶ የተገኘውን ገዝቶ መሰካት አይቻልም። መፍትሔው አስቀድሞ ማሰብ ነው፤ ወይ የዚያኑ ሞዴል መለዋወጫ ፓወር ሰፕላይ፣ ወይ ከ24 ፒን ወደዚያው ሞዴል መሰኪያ የሚቀይረውን አጭር ገመድ አብሮ መያዝ። ገመዱ ትንሽ ነገር ነው፤ ሲጠፋ ግን ኮምፒውተሩን ለወራት ቁም ሳጥን ውስጥ ያስቀምጠዋል።

ካርዱን የሚመርጠውም ይኸው ዋት ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ያለው የካርድ ስሎት በራሱ እስከ 75 ዋት ይሰጣል። ከዚያ የማያልፉ ካርዶች ተጨማሪ ገመድ አይፈልጉም፤ የቢሮ ታወር ላይ ሰክቶ መጫወት ነው። ጂቲኤክስ 750 ቲአይ 60 ዋት፣ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ 75 ዋት፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ጂቲኤክስ 1650 75 ዋት፣ በ2024 የመጣው ባለ 6 ጊጋው አርቲኤክስ 3050 ደግሞ 70 ዋት ይበላሉ። ለገንዘቡ የሚሻለው 1650 ነው፤ ፔስ 2021ን እና ጂቲኤ 5ን በሙሉ ኤችዲ በደንብ ያጫውታል። አንዳንዶቹ 1650 ካርዶች ባለ 6 ፒን ገመድ ስለሚጠይቁ ግን የምትገዛዋ ካርድ ጫፏ ላይ መሰኪያ እንደሌላት ይረጋገጥ።

አርኤክስ 580 ብዙ ወጣት የሚመኘው ካርድ ነው። 8 ጊጋ አለው፣ ከ1650 ይፈጥናል፣ ያገለገለውም ረክሷል፤ ኢቴሪየም የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ በካርድ መቆፈር በመስከረም 2022 እ.ኤ.አ. ሲያበቃ ብዙ የቁፋሮ ካርድ ገበያ ወጥቷልና። ነገር ግን ብቻውን 185 ዋት ይጠጣል፤ አዲስና ጠንካራ ፓወር ሰፕላይ ይጠይቃል፣ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየውን ዩፒኤስም ያስተልቃል። ለፍላቂት አይመከርም።

ልዩነቱ ዩፒኤሱ ላይ ይታያል። አይ5 8500 እና 1650 ያለው ታወር ከነሞኒተሩ ጨዋታ ላይ 200 ዋት ገደማ ይበላል። 650 ቪኤ የተባለ ዩፒኤስ በዋት ሲቆጠር 360 እስከ 390 ነውና ይሸከመዋል፤ መብራት ሲሄድ ጨዋታውን ሴቭ አድርጎ ለመዝጋት የሚበቃ ደቂቃ ይሰጣል። የዩፒኤስ ወጪ ከካርዱ በጀት ቢቀነስ እንኳ ይቀነስ እንጂ መቅረት የለበትም።

የተሻለ ገንዘብ ያለውና አዲስ ዕቃ የሚፈልግ ሰው ካርዱን ጭራሽ ትቶ ራይዘን 5 5600ጂ ቢገዛ ያዋጣዋል። ግራፊክሱ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ስለሆነ ሁሉም በ65 ዋት ክልል ያልቃል፤ ማዘርቦርዱም ተራ 24 ፒን ስለሚቀበል የመለዋወጫው ጭንቀት ይቀራል። አንድ ነገር ብቻ ይጠበቅ፤ 16 ጊጋ ራም በአንድ ፍሬ ሳይሆን 8 እና 8 ሆኖ በሁለት ይገዛ። በአንድ ፍሬ ሲሆን የጨዋታው ፍጥነት በግልጽ ይወርዳል፤ ይህ ግራፊክስ የራሱ ሜሞሪ የለውም፣ የሚበደረው ከራሙ ነው።

ማከማቻው ላይ ደጋው የራሱን ሐሳብ ይጨምራል። መቄት ውስጥ ከ3000 ሜትር የሚያልፉ ቦታዎች አሉ። የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ አንባቢ ጭንቅላት የሚንሳፈፈው በስስ የአየር ትራስ ላይ ነው፤ አምራቾቹም ለተለመዱት ሃርድ ዲስኮቻቸው የሚያስቀምጡት የሥራ ከፍታ ወሰን 3048 ሜትር ገደማ ነው። 3000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ዲስኩ ወዲያው ይሰበራል ማለት አይደለም፤ ግን በወሰኑ ጫፍ ላይ እየሠራ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ድንገት እየቆመ ይኖራል። ኤስኤስዲ ተንቀሳቃሽ አካል ስለሌለው የአየሩ መሳሳት አይመለከተውም። 500 ጊጋ ኤስኤስዲ ከ1 ቴራ ሃርድ ዲስክ ይመረጥ። ሳሳ ያለው አየር ሙቀትንም ደህና አድርጎ አይወስድም፤ የደጋው ብርድ ግን ስለሚያካክሰው ውድ ማቀዝቀዣ መግዛት አያስፈልግም። ፋኑን ከአቧራ ማጽዳት ይበቃል።

የኢንተርኔቱም ነገር አለ፤ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ማንም አይረሳም። ካውንተር ስትራይክ 2 ብቻውን 85 ጊጋ ቦታ ይጠይቃል። ጨዋታውን፣ የካርዱን ድራይቨርና ዊንዶውሱን አዲስ አበባ ላይ ጭኖ መውጣት ይሻላል፤ ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩትን ጨዋታዎችም ማስቀደም።

አዲስ አበባ መርካቶ ወይም መገናኛ ወርዳችሁ የምትገዙ፣ ወይም በዘመድ የምታስገዙ፦ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩ ፊት አስነሱት። ጂፒዩ-ዚ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ክፈቱ፤ የድሮ ካርድ 1050 ቲአይ ተብሎ ሲሸጥ ብዙውን ጊዜ አስመሳይ መሆኑን በግልጽ ይጽፋል። ግማሽ ሰዓት ጨዋታ አስኬዱበት። ከዚያ ካርዱን ንቀሉና በላስቲክ አረፋ ጠቅልላችሁ እጃችሁ ላይ ያዙት፤ ታወሩን የአውቶቡስ ጣሪያ ላይ አታስጭኑት፣ እግራችሁ ሥር አስቀምጡት። እስከ ወልድያ ብቻ 520 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ፍላቂት ከዚያ ወዲያ ናት።